የጭነት ዋጋዬን በሊትር ማሰብ የጀመርኩት እንዲህ ነው

የ2017 ገና ሰሞን ነው። ኮምቦልቻ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ስልኬ ጮኸ። ረዳቴ ነው። እንኳን አደረሰዎት ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ናፍጣ ሊትሩ 98 ብር ከ98 ገባ» አለኝ።

ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። ሰው አልሞተም። መስከረም ላይ እየሳቅኩ የፈረምኩት ውል ግን እዚያው ቡናው ላይ ሞተ።

አንዲት አይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና አለችኝ። በእቁብ፣ በብድርና በባለቤቴ ወርቅ የተገዛች ናት። ባለቤቷም ሾፌሯም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በአንድ መኪና ለሚተዳደር ሰው ነው። አሥር መኪና ያለው ሰው የራሱ መላ አለው። አንዱ ቢከስር ሌላው ይደጉመዋል። የእኛ ግን አንዷ ከቆመች ቤቱም ይቆማል።

ውሉ እንዲህ ነበር። ደሴ ውስጥ ሸቀጥ የሚያከፋፍሉ አንድ ሐጂ አሉ። ከአዲስ አበባ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ ያስመጣሉ። ስድስት ወር ሙሉ የእሳቸውን ዕቃ ላመላልስ ተስማማን። በኩንታል 300 ብር፣ በጉዞ 45 ኩንታል። 13,500 ብር ማለት ነው። ዋጋው እስከ መጨረሻው አይነካም። ደላላ የለበትም፣ ጭነት ፍለጋ መርካቶ ላይ መንከራተት የለበትም። ጓደኞቼ ቀኑብኝ። እኔም ኮራሁ።

ውሉን ስንፈራረም ናፍጣ 83 ብር ከ74 ሳንቲም ነበር። መስከረም 28 ላይ 90 ብር ከ28 ሆነ። በገና ሰሞን 98 ብር ከ98። ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ 107 ብር ከ93 ደረሰ። የምጠቅሰው የአዲስ አበባውን ዋጋ ነው። እኛ ጋ በማጓጓዣው ልክ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

መኪናዬ ደሴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ለዚህ 140 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። እንግዲህ አብራችሁኝ ደምሩ። ውሉን ስፈርም የጉዞው ናፍጣ 11,724 ብር ነበር። በገና ሰሞን 13,857 ብር ሆነ። ከሐጂ የማገኘው 13,500 ነው። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ጭነት ካላገኘሁ፣ የሰውየውን ዕቃ 400 ኪሎ ሜትር አምጥቼ 357 ብር ከኪሴ ጨምሬላቸው እገባለሁ ማለት ነው። የረዳቴ አበል፣ የኮቴ ክፍያ፣ የእኛ ምግብ፣ የማደሪያው ጥበቃ ገና አልተነካም። ጎማውንማ ተዉት።

ያን ማታ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይህን ስጽፍ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በፊት ጽፌ አላውቅም ነበር። ሒሳቤ በጭንቅላቴ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ብር ካለ አትርፌያለሁ፣ ከሌለ ከስሬያለሁ። ጠብ ሲል ስደፍን ነው የኖርኩት።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያን ዕለት አልጀመረም። በ2014 ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ናፍጣ 28 ብር ከ94 ሳንቲም ነበር። ያን ጊዜ እኛ ስለ ነዳጅ ዋጋ አናወራም ነበር። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዳረሰበት ወቅት ነው። እኔም ጥቅምት ማለቂያ ላይ መኪናዋን ይዤ፣ ጎረቤትና ፍራሽ ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቼ ነበር። ስንመለስ ወሬው ሁሉ ማን ተረፈ፣ ምን ተዘረፈ ነበር። ናፍጣ ማን ያስታውሳል?

ከዚያ የሰኔ 2014 መጨረሻ መጣ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ሊያነሳ ጀመረ። ናፍጣ በአንዴ 49 ብር ከ02 ገባ። መስከረም 2015 ላይ 59 ብር ከ90። ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የታለመ ድጎማ ተደረገ፤ በቴሌብር ተመዝግበው በቅናሽ ይቀዱ ነበር። የጭነት መኪና ግን እዚያ ውስጥ የለም። ጎረቤቴ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚሠራ ሚኒባስ አለው። አንድ ማደያ ቆመን እሱ በአንድ ዋጋ፣ እኔ በሌላ ዋጋ እንቀዳ ነበር። እሱ ሰው ይጭናል። እኔ ሰው የሚበላውን እጭናለሁ። ይህን ስለው ይስቃል፤ እኔ ግን እስካሁን አልሳቅኩም።

በ2016 ሐምሌ ደግሞ የምንዛሪው ነገር መጣ። ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጃችን ከውጭ፣ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ ናፍጣ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ማወቅ ነበረብኝ። የውጭ ዜና የሚከታተል ሰው ያውቅ ነበር። እኔ ግን ልክ በሁለተኛው ወር «የማይነካ ዋጋ» ብዬ ፈረምኩ። ማንንም አልወቅስም።

ወደ ሐጂ ልመለስ። ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ሌሊቱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። መኪና አቆማለሁ ልበላቸው? ውሉን ልቅደድ? ሁለት ጓደኞቼ እንዲህ አድርገዋል። አንዱ ስልኩን አጥፍቶ ጠፋ። ነጋዴው ዕቃው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ሳለ ሌላ መኪና ሲፈልግ ሰነበተ። ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ደሴ ላይ ጥሩ ጭነት አግኝቶ አያውቅም። እኛ አገር ስም ቶሎ ይዞራል።

ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ነበሩ። ሰላምታው እንደ ወሎ ነው፣ ቶሎ አያልቅም። ቡና መጣ። ደብተሬን አውጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁት።

«ሐጂ፣ ልለምንዎት አልመጣሁም። ይቺን ሒሳብ ብቻ ይዩልኝ» አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ነጋዴ ናቸው፣ ሁለት ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «አንተ ልጅ፣ ከስረህ ነው እንዴ ዕቃዬን የምታመጣው?» አሉ። ከዚያ ግን ወዲያው ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። «እኔም ዘይቱን በድሮው ዋጋ ለቸርቻሪ ተስማምቼበታለሁ። ስንት እንድጨምርልህ ነው?»

እዚህ ላይ ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር። 50 ብር በኩንታል ልል ነበር። ከየት እንዳመጣሁት ግን አላውቅም። ደግሞ 50 ብር ቢጨምሩልኝ፣ በሚቀጥለው ወር ናፍጣ እንደገና ሲወጣ ተመልሼ ልለማመጣቸው ነው? ያኔ ነው አፌ ላይ የመጣው። «ብር አይጨምሩልኝ። በሊትር እንነጋገር» አልኩ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ሞኝ ሐሳብ ነበር። ውሉን ስንፈራረም 13,500 ብር 161 ሊትር ናፍጣ ይገዛ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ የ161 ሊትር ዋጋ ይክፈሉኝ አልኩ። ሐጂ ሳቁ። «ምግብህም በናፍጣ ነው እንዴ የሚበስለው? የረዳትህ ደሞዝስ?» እውነታቸውን ነው። ናፍጣ የወጪዬ ትልቁ ክፍል ነው እንጂ ሁሉም አይደለም።

እሺ፣ ለ140ው ሊትር ብቻ ልዩነቱን ይክፈሉኝ አልኩ። «መሄጃውን እኔ ለምን እከፍላለሁ? አዲስ አበባ ስትወርድ የሰው ማሾ ጭነህ አይደል የምትሄደው?» አሉ። ይሄም ልክ ነው። የመመለሻው፣ ማለትም የእሳቸው ዕቃ የሚመጣበት፣ 80 ሊትር ነው። ግን ባዶ የምሄድበትም ቀን አለ። ተከራከርን። ሁለተኛ ቡና መጣ። በመጨረሻ 90 ሊትር ላይ ተገናኘን።

አሁን ሒሳቡን እዩት፣ ደስ የሚለው እሱ ነው። 90 ሊትርን ለ45 ኩንታል ብታካፍሉት ሁለት ይመጣል። ስለዚህ ስምምነታችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ ናፍጣ አንድ ብር ሲጨምር ኩንታል ላይ ሁለት ብር ይጨመራል፣ አንድ ብር ሲቀንስ ሁለት ብር ይቀነሳል። መነሻው 83 ብር ከ74 እና 300 ብር ነው። በገና ሰሞን ልዩነቱ 15 ብር ከ24 ነበር፤ ኩንታሉ ወደ 330 ብር መጣ። ናፍጣ 107 ከ93 ሲገባ 348 ብር ሆነ። ማንም ማንንም አልለመነም። እሳቸው ዜናውን ሰምተው ራሳቸው አስልተው ላኩልኝ።

«ሲቀንስ ይቀነሳል» የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጓደኞቼ ቂል ነህ አሉኝ። ናፍጣ መቼ ቀንሶ ያውቃል ብለው። ግን ሐጂን እሺ ያሰኛቸው እሱ ይመስለኛል። ሚዛኑ ለሁለቱም ወገን እንደሚሠራ ሲያዩ ነው እጃቸውን የዘረጉት። በወረቀት ጻፍነው፣ ሁለት ምስክር ፈረመበት። የማን ዋጋ እንደሚቆጠርም ጻፍን፤ በጫንኩበት ቀን ያለው ሕጋዊ የማደያ ዋጋ። ይህን ባንጽፍ ኖሮ ሌላ ክርክር ነበር፣ ምክንያቱም አንዳንዴ የምቀዳበት ዋጋና የሚታወጀው ዋጋ አይገናኙም። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛሁትን ለሐጂ ማስከፈል አልችልም።

እናንተም ይህን ለማድረግ ብትፈልጉ መጀመሪያ የራሳችሁን ሊትር ማወቅ አለባችሁ። ብዙ ሾፌር «የኔዋ አትበላም» ይላል። ስንት ነው ስትለው ዝም ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የለካሁት እንዲህ ነው። አንድ ማደያ፣ አንድ ፓምፕ፣ መሬቱ ሜዳ የሆነ ቦታ መርጬ ታንከሩን እስከ አፉ ሞላሁ። ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩ። አዲስ አበባ ባዶ ሄጄ እንደገና እስከ አፉ ሞላሁ። የገባው ሊትር የበላችው ነው። ጭኜ ስመለስም እንደዚሁ። ሦስት ጉዞ ደጋገምኩት። ባዶ ስትሆን በሊትር 7 ኪሎ ሜትር፣ 45 ኩንታል ጭና 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ለ400 ኪሎ ሜትር ባዶዋን 57፣ ጭና 80 ሊትር። የነዳጁን ጌጅ አትመኑ፣ የእኔዋ ጌጅ ግማሽ ላይ ስትደርስ መዋሸት ትጀምራለች።

ከዚህ ልኬት አንድ ነገር ተማርኩ። ባዶ በመሄድና ጭኖ በመሄድ መካከል ያለው ልዩነት 23 ሊትር ብቻ ነው። ያኔ በነበረው በ107 ብር ከ93 ሒሳብ 2,482 ብር። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ስወርድ የማገኘው ጭነት ከዚያ በላይ እስከከፈለ ድረስ ከባዶ ይሻለኛል። ድሮ «በዚህ ዋጋ አልጭንም» ብዬ በኩራት ባዶ እወጣ ነበር። በኩንታል 150 ብር ቢሰጡኝ 6,750 ነው። ባዶ መውጣት ኩራት አይደለም።

ግን ተጠንቀቁ፣ ይቺ ሒሳብ ሁለት ስለት አላት። ሁላችንም «ከ2,482 በላይ ከሆነ ይበቃል» ካልን ደላላው ያውቀዋል። ዋጋውን እዚያው ወለሉ ላይ ያወርደዋል። እኔ ወደ አዲስ አበባ ለምወስደው ጭነት ወለሌን በኩንታል 110 ብር አስቀምጫለሁ፣ ከዚያ በታች ባዶዬን እሄዳለሁ። ከማውቃቸው አምስት ስድስት ሾፌሮች ጋር ዋጋ እንነጋገራለን። ማን የት እንዳለ፣ ማን ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ነጋዴ ጭነት እንዳለው። ደላላ የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ከኮምቦልቻና ከደሴ ዙሪያ ማሾ አለ፣ ጤፍ አለ፣ ቆዳ አለ። በመስኖው ወቅት ከቆቦ በኩል ሽንኩርት ይመጣል። ሽንኩርት ግን ሌሊት መንዳት ይፈልጋል፣ ደግሞ መንገድ ከተዘጋ ይበሰብሳል። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነ ሰሞን ሽንኩርት አልነካም።

መጠበቅም ወጪ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሻለ ጭነት ብዬ ሁለት ሌሊት ያደርኩበት ጊዜ አለ። ያተረፍኩት 900 ብር፣ የበላነውና ያደርንበት 1,400። አሁን ሕጌ አንድ ሌሊት ነው።

ስለ አነዳድ ጥቂት ልበል። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሐረጎ ቁልቁለት፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ የሚለቅ አለ። ወዳጆቼ፣ ይሄ ናፍጣ አይቆጥብም። በማርሽ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ፖምፓው ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስትሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ፍሬኑም ይግላል። 45 ኩንታል ጭናችሁ የጋለ ፍሬን ምን እንደሆነ ሐረጎ ገደል ሥር ያሉትን ቅሪቶች ጠይቁ።

ዳገቱ ላይ የሚደረግ ተአምር የለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ያህል ይወጣል። ጭኜ ስወጣ በሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር መውጣቱማ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ሞተሩን ሳላስጮህ፣ ማርሹን በጊዜ ቀንሼ፣ የፊተኛውን መኪና ልቅደም ሳልል መውጣት ነው። ለውጥ ያየሁት ሜዳው ላይ ነው። ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት በ90 እበር ነበር። ወደ 65 ስወርድ በጉዞ ስድስት ሰባት ሊትር ተረፈኝ። የምዘገየው አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ረዳቴ መጀመሪያ ላይ ከእንቅልፉ ነቅቶ «ጋሼ፣ አመመዎት?» ብሎኝ ነበር።

የጎማ ንፋስ በየጉዞው አስለካለሁ። ጎሚስታው ይሰለቸዋል። የአየር ፊልትሮ ደግሞ በበጋ፣ አቧራ በሚበዛበት ጊዜ፣ ቶሎ ይታፈናል። የታፈነ ፊልትሮ ጥቁር ጭስ ነው፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተር አስነስቶ ሻይ መጠጣት ትቻለሁ። በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ትበላለች ቆማ።

ያጠፋሁትን ደግሞ ልናዘዝ።

አንድ ጊዜ ማደያ ሁሉ «የለም» በሚልበት ሰሞን፣ ጭነት ይዤ ነበርና ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዛሁ። ከማደያው ዋጋ እጥፍ ገደማ ከፈልኩ። ሽታው ልክ አልነበረም። ዝም አልኩ። ሁለት ጉዞ ሳልጨርስ ጉልበቷ ጠፋ፣ ነጭ ጭስ ማውጣት ጀመረች። ጋራዥ ስትገባ ውሃና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ናፍጣ ነው ተባለ። ፖምፓውና ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተጎድተዋል። 38,000 ብር ወጣ። አሥራ አንድ ቀን ቆመች። ዛሬ ሕጉም ጠበቅ ብሏል፣ ግን ሕግ ባይኖርም እኔ አልነካውም። ያን ቀን ጭነቱን ይዤ ሁለት ቀን ሰልፍ ብቆም ይሻለኝ ነበር።

ሌላው ጥፋቴ ከአቅም በላይ መጫን ነው። ናፍጣ ሲጨምር መጀመሪያ የሚመጣ ሐሳብ እሱ ነው። 60 ኩንታል ጫንኩ። «ኩንታል በዛ፣ ብር በዛ» አልኩ። ዳገት ላይ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰበረ። ሌላ መኪና ተከራይቼ ጭነቱን አዛወርኩ። ለጫኝና አውራጅ ከፈልኩ፣ ለባሌስትራው ከፈልኩ። የኋላ ጎማዎቼም ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው አጠረ። ጎማ ደግሞ ከምንዛሪው በኋላ የሚቀመስ አልሆነም። 9,000 ብር እገዛው የነበረውን ባለፈው በ16,000 ገዛሁ። ስድስት ጎማ ነው ያላት።

ሦስተኛው ደግሞ የእቁብ ብር ነው። እቁብ ደረሰኝና ለቦሎና ለሞተር ዘይት ያሰብኩትን ናፍጣ ቀዳሁበት። ከዚያ ኋላ የቦሎው ጊዜ ሲደርስ ተበደርኩ። አሁን የናፍጣ ገንዘብ የሚቀመጥበት ቴሌብር በባለቤቴ ስልክ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ መጀመሪያ የሚወጣው የሚቀጥለው ጉዞ 140 ሊትር ነው፣ በዛሬ ዋጋ። የቀረው ለቤት፣ ለጎማ፣ ለዕዳ ይከፋፈላል። እሷ ጥብቅ ናት፣ «የናፍጣውን አልሰጥም» ስትለኝ ተጣልተን እናውቃለን። ከ2015 ግንቦት ጀምሮ ክፍያው በዲጂታል ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰልፉ ይቆማል፤ ሌላ የባንክ መክፈያም ስልኬ ላይ አዘጋጅቻለሁ።

ስለ ሰልፍ ካነሳን፣ ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ማደያው ይጨናነቃል። አንዳንዱ ቦታ ድንገት «አልቋል» ይባላል። ሰው የሚቆመው ታንከሩን በድሮ ዋጋ ለመሙላት ነው። እኔም ቆሜያለሁ። አንዴ 80 ሊትር በድሮው ዋጋ ለመቅዳት አንድ ቀን ተኩል ቆምኩ። በሊትር ዘጠኝ ብር ገደማ፣ 720 ብር ተረፈኝ። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ቀረብኝ። አሁን ወሬ ሲመጣ ሰልፍ አልፈልግም፤ ይልቅ በዚያ ሰሞን አዲስ የጭነት ዋጋ አልቆርጥም። «ከሳምንት በኋላ እንነጋገር» እላለሁ።

ጓደኞቼ መካከል መኪናቸውን ሸጠው ለሌላ ሰው ሾፌር የሆኑ አሉ። አልፈርድባቸውም። አንዱ «አሁን ናፍጣ ሲጨምር እንቅልፌን እተኛለሁ» ብሎኛል። የባቡሩ ሐዲድም ከአዋሽ ተነስቶ በከተማችን ዳር ያልፋል። ባቡሩ ግን እስካሁን ሥራ አልጀመረም። ሲጀምር የእኛ ነገር ምን ይሆናል ብለን ቡና ላይ እንከራከራለን። እኔ ከባቡሩ ጣቢያ እስከ ሱቅ የሚያደርሰው ማን ነው እላለሁ። እነሱ ደግሞ አብሽር ይሉኛል።

ከሐጂ ጋር ያለን ስድስት ወር ሲያልቅ እንደገና ተቀመጥን። የናፍጣው አንቀጽ እንዳለ ይቀጥላል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። እኔ ደግሞ ጎማውን አነሳሁ። በዓመት ስድስት ጎማ፣ በጉዞ ስንት ብር እንደሚመጣ ደብተሬ ላይ አስልቼ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ደብተር መያዝ ከለመድክ ወዲህ አስቸገርከኝ» አሉ። ለማክሰኞ ቀጠሩኝ።